ሸንተረሩ የተቆረጠበት ቦታ

ሱቫ፣ ጁላይ 8

ለሳኪዩሳ፣ ለናቩኒላሴ መምህር፣ ለዓሣ ጭንቅላት በላተኛው ታውዬ፤

እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም። አውሎ ነፋስ ያልወሰደውን ሰው ምን ይነካዋል? እናትህን ግን ሳምልኝ፤ ሚስትህን ላይሳኒንም ሳምልኝ። ድንኳናችሁ እንደሚያፈስ ከመርከቡ ካፒቴን ሰማሁ። የስልኩ ማማም ገና አልተነሳም አሉኝ። እንግዲህ ታውና ታው ነንና፣ እንደ አያቶቻችን በወረቀት እንሰዳደባ!

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። «ካርታ ቢሮ ተቀምጠሽ፣ በጫካ የተሸፈነ ተራራ እንዴት ታያለሽ?» ትለኛለህ። እኔ አላይም፤ አውሮፕላኑ ነው ያየው። በሜይ ወር ከላያችሁ ሲመላለስ የነበረው፣ «ዱቄት ሊጥልልን ነው» ብላችሁ ያጨበጨባችሁለት አውሮፕላን። ወደ መሬት ጨረር ይለቅቃል። አብዛኛው ጨረር ቅጠል ይመታል፤ ጥቂቱ ግን በቅጠሉ መሐል ሾልኮ አፈሩን ይነካና ይመለሳል። አፈሩን የነካውን ብቻ ለቅሜ ስደረድረው ጫካው እንዳለ ይገፈፍና ተራራው ራቁቱን ይቀራል። አትፈር፣ ተራራ ነው።

ታዲያ እጄ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የራሱን ከፍታ ያውቃል እንጂ «እኔ ሸንተረር ነኝ፣ እኔ ሸለቆ ነኝ» አይልም። ያንን የማወጣው እኔ ነኝ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ሸለቆውን ማግኘት ቀላል ነው፤ በሒሳብ ውሃ ታፈስሳለህ፣ ውሃው የተሰበሰበበት ሸለቆ ነው። ሸንተረሩስ? ውሃ ሸንተረር ላይ አይቆምም። ምን እንዳደረግኩ ልንገርህ? ተራራውን ገለበጥኩት! ሽቅቡን ቁልቁል አደረግኩና ውሃ አፈሰስኩበት። ሸንተረሮቹ ሁሉ ወንዝ ሆነው እየተቀጣጠሉ ሲወጡ ብታይ! ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርኩ፤ አለቃዬ በሩን ከፍቶ አየኝና መልሶ ዘጋው።

ደግሞ በሌላ መንገድ አመሳከርኩት። እያንዳንዱ ቦታ ላይ መሬቱ ወደ የትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለካሁ። እንደ ቤት ጣሪያ ጫፍ የጎበጠው ሸንተረር ነው፤ እንደ ገንዳ የጎደጎደው ሸለቆ ነው። ሁለቱ መንገዶች አንድ መልስ ሰጡኝ።

መልሱም ለእናንተ ደስታ ነው። የመንደራችሁ አለቃ፣ ትልቁ አባትህ ኔማኒ፣ ለአዲሱ መንደር የመረጡት ሜዳ፣ ናራራ፣ አንድም ሸለቆ አይረግጠውም። ከበላዩ የዴላና ሸንተረር እንደ አጥር ቆሞ ይጠብቀዋል። ከሸንተረሩ ማዶ ያለው ወንዝ ወደ እናንተ የሚመጣበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሥሩ! ባሕሩ ከወሰደባችሁ የተሻለ መንደር ሥሩ!

ስድቤን በሙሉ ይዘህ ጠብቀኝ፣
ኡናይሲ

ናቩኒላሴ፣ ጁላይ 21

ለኡናይሲ፣ ለዋይቶሎ ሌቦች ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደረሰ፤ እንዲያውም ሳይደርስ ተነበበ። ካፒቴኑ ጀልባው ላይ ከፍቶት «ተራራ ገለበጠች!» እያለ ነው ወደብ የገባው። ከዚያ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ተሰብስበን ለመንደሩ ሁሉ አነበብኩት። አሮጊቶቹ ምን አሉ መሰለሽ? «ዋይቶሎዎች ድሮም ነገር ገልባጭ ናቸው፤ አሁን ተራራ ጀመሩ?»

ይህን ስድብሽን ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ በዱላ ነበር የምመልስለት። ግን ምን አደርጋለሁ፣ ታው ነሽ! የእኛና የእናንተ አባቶች አንድ መንፈስ ያመልኩ ነበርና ይኸው እስከ ዛሬ ዕዳቸውን እንከፍላለን። የእናንተ ሰው ቤቴ ገብቶ ድስቴን ከነወጡ አንሥቶ ቢሄድ «ክዳኑን ረሳህ» ከማለት በቀር መብት የለኝም። በታው የተቆጣ ሰው መሳቂያ ነው። የወሰደውን ያስመለሰማ፣ እሱ ሰውም አይደል።

ትልቁ አባቴ በመልስሽ እንዴት እንደተደሰቱ ልነግርሽ አልችልም። ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ናራራ ላይ ቃል የሚጸናበትን የዓሣ ነባሪ ጥርስ አቅርበው፣ በሁላችን ፊት «መንደራችን እዚህ ነው» አሉ፤ የመጀመሪያውንም ምሰሶ በእጃቸው ተከሉ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

የመጀመሪያው ቤት የማን እንደሆነ በካፒቴኑ አፍ ጠይቀሻል። ትልቁ አባቴ ያውቃሉ። ስለ ላይሳኒ የጠየቅሽውንም ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትቆጣለች።

ሳኪዩሳ

ሱቫ፣ ኦገስት 3

ሳኪዩሳ! ሳኪዩሳ! ቁጭ ብለህ አንብብ። አይ፣ ቆመህ አንብብና ሩጥ!

ሸንተረሩ ተቆርጧል!

ቀስ ብዬ ልንገርህ። የኛ ሥራ አንድ ልማድ አለው። መስመር ከማውጣታችን በፊት መሬቱን እናለሰልሰዋለን። አንዳንዱ ጨረር የወደቀ ግንድ መትቶ «አፈር ነው» ይለናል፤ እንዲህ ያለው ትንንሽ ውሸት ሺህ የሐሰት ሸንተረር ያበቅላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ከጎረቤቶቹ ጋር እናስማማዋለን። ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን፤ ማንም አይጠይቅም። እኔም ጎረቤት አበዛሁበት። ጎረቤቱ የበዛበት ቁጥር ደግሞ የራሱን እውነት ይረሳል።

ትናንት ለሌላ ሥራ ብዬ ጎረቤቶቹን ቀነስኩና የዴላናን መስመር እንደገና አወጣሁ። መስመሩ ሽቅብ ሮጦ ሮጦ ድንገት ቆመ። ከትንሽ ክፍተት በኋላ እንደገና ተነሥቶ ሮጠ። ጥርስ የወለቀበት አፍ ይመስላል። መሳሪያው ተሳስቷል ብዬ በሌላ መንገድ ሞከርኩ፤ ያው ነው። በሦስተኛ ሞከርኩ፤ ያው! ደግሞ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ወንዝ እንዲህ አድርጎ አይቆርጥም፤ ይህ የሰው እጅ ነው።

ከተቆረጠው ቦታ በታች ምን ያገኘሁ ይመስልሃል? በሸንተረሩ ጀርባ ላይ፣ ሰፋ ባለው ቦታ፣ በረድፍ የተቀመጡ አራት ማዕዘን ጉብታዎች። የቤት መሠረት ናቸው! መንደር ነው ሳኪዩሳ፣ ሙሉ መንደር! ወንጌል ሰባኪዎች ወደ ባሕሩ ዳር ሳያወርዷቸው የናንተ ሰዎች የኖሩበት። የተቆረጠው ቦታ የምሽግ ጉድብ ነው። ማንን ፈርተው እንደቆፈሩት እኔና አንተ እናውቃለን፤ እኛን!

እልል ብዬ ነበር። ከዚያ ዓይኔ ወደ ማዶው ሸለቆ ሄደ። ወንዙ ያለበት ቦታ አንድ ስፍራ ላይ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ሆኗል። ሸለቆ እንዲህ አይለሰልስም፣ ውሃ ካልተኛበት በቀር። አውሎ ነፋሱ ወንዙን የዘጋው ይመስለኛል። የተኛው ውሃ ደግሞ ከጉድቡ ወለል የአንድ ሰው ቁመት ያህል ብቻ ነው ዝቅ የሚለው። ክረምቱ መጥቶ ውሃው በዚያ ልክ ከተነሣ በጉድቡ ሾልኮ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁሉ ናራራ ነው።

ያኔ «መንገድ የለውም» ያልኩህ እኔ ነኝ። አሁን መንገድ አለው እልሃለሁ። በሞቴ፣ ውጣና በዓይንህ አይተህ ጻፍልኝ። እስከዚያው ሌላ አንድም ምሰሶ እንዳይተከል።

ኡናይሲ

ናቩኒላሴ፣ ኦገስት 17

ታውዬ፤

ዛሬ አልሰድብሽም፤ አቅም የለኝም።

ወጣሁ። ጫካውን በገጀራ እየቆረጥኩ ስወጣ ጠዋት ጀምሬ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ካልሽበት ቦታ ስደርስ መሬቱ ከእግሬ ሥር ጠፋ፤ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር ከነገጀራዬ ልገባ! ገብቼ ቆምኩበት፤ ከራሴ በላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደረው ድንጋይ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። አያቶቼ ማንንም ይፍሩ፣ ቆፍረው ግን ያውቃሉ።

በማዶው በኩል ወጥቼ ቁልቁል ሳይ ወንዝ የለም። ሐይቅ ነው። የወደቀ ዛፍና የተናደ አፈር አፉን ዘግቶታል፤ ያንን መክፈት መቶ ሰውና ሙሉ በጋ ይፈልጋል። ውሃው ጥቁር ነው፤ ዝም ብሏል። ከጉድቡ ወለል ዘንጌን ወደ ታች ዘረጋሁ፤ ልክ ያልሽው ነው።

ጉብታዎቹንም አየኋቸው። አንዱ ላይ ቁጭ ብዬ ነፋሱን አዳመጥኩ። ባሕሩ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይታያል። ጥሩ ቦታ ነው ኡናይሲ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ «የሙታን ነው፣ አትውጡ» እየተባልን ነው ያደግነው፤ እኔ ግን አልፈራሁም።

ወርጄ ለትልቁ አባቴ ነገርኳቸው። ንግግራችንን እንዳለ ልጻፍልሽ።

«ትልቁ አባቴ፣ ዴላና ላይ ጉድብ አለ።»

«አያቶቻችን ብዙ ነገር ቆፍረዋል።»

«ውሃ ሊመጣበት ይችላል።»

«ማን አለ?»

«ኡናይሲ።»

«ናራራ ንጹሕ ነው ያለችውስ ማን ነበረች?»

«እሷው ናት።»

«እንግዲህ ሁለቱ ኡናይሲዎች እስኪስማሙ እኛ ቤታችንን እንሥራ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ጥርሱን አቅርበው፣ በሕዝብ ፊት ቃል ሰጥተው ያበቁ ሰው ናቸው። በሳቸው ቃል ላይ ቃል የሚያስቀምጥ እዚህ አልተወለደም፤ እኔ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ነኝ፣ ዓይናቸውን እንኳ ትክ ብዬ አላይም።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቤት የኔ ነው። ለክብሬ ብለው ሰጡኝ። ላይሳኒ ደግሞ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ድንኳኑ ስለሚያፈስ ልጁ ጣሪያ ሥር እንዲወለድ ነው ሁሉም የሚጣደፈው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ እንዴት ብዬ ተዉ ልበላቸው?

ሳኪዩሳ

ሱቫ፣ ኦገስት 31

ሁለቱ ኡናይሲዎች ተስማምተዋል! ንገራቸው!

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ትልቁ አባትህ አፍ አላቸው፣ ወድጄላቸዋለሁ። ስለ ላይሳኒ ያልከው ጋ ስደርስ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንተ ቀጣፊ፣ ይህ ነው «ትበላለች፣ ትቆጣለች»?

በካፒቴኑ አፍ የላክህብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። እንደገና ተሳስቼ እንደሆነ ትጠይቀኛለህ። መጠየቅህ ልክ ነው፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። መሬቱን ሳላለሰልስ፣ ትንሽ አለስልሼ፣ ብዙ አለስልሼ ሞከርኩት። ብዙ ሳለሰልሰው ጉድቡ ይጠፋል፤ ጎረቤት ሲቀንስ ይመለሳል። በሒሳብ ዝናብ አዘነብኩበት። ባለፈው ዓመት የዘነበውን ያህል ሲዘንብ ውሃው በጉድቡ ያልፋል፤ ሁልጊዜ ያልፋል፣ ሁልጊዜም ናራራ ላይ ይወርዳል። አንተ ደግሞ በዘንግህ ለክተኸዋል። ከዚህ በላይ ምን አለ?

ደስ የሚለውንም ስማ፤ የዴላናው የድሮ መንደር ሌላ ነገር ነው! ከሁለቱም ወገን ውሃ ይሸሸዋል። በየትኛውም ዝናብ ብሞክረው የቤት መሠረቶቹን አንድ ጠብታ ወራጅ አይነካቸውም። ከጎኑ ምንጭ ያለ ይመስለኛል፤ ቢኖር ከመሠረቶቹ በስተ ምሥራቅ ዝቅ ብሎ ነው፣ ሂድና ፈልገው። እነዚያ ሰዎች ያለ ምንም ቁጥር እዚያ ላይ ሲያርፉ ምን ዓይን ነበራቸው!

መሥሪያ ቤታችን ለትልቁ አባትህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላከ። መልሳቸውን አለቃዬ አሳየኝ። ምስጋና፣ ምርቃት፣ ደግሞም ምስጋና፤ ስለ ናራራ ግን አንድም ቃል የለም። አለቃዬ «ማስገደድ አንችልም፤ መሬቱ የራሳቸው ነው» አለኝ። እውነቱን ነው።

አሁን የምጠይቅህን በትክክል መልስልኝ። አንድ ምሰሶ ስንት ሰው ይሸከመዋል? በሲሚንቶ ተይዟል ወይስ በአፈር ብቻ ነው የተተከለው? ለምን እንደጠየቅኩህ አትጠይቀኝ።

ኡናይሲ

ናቩኒላሴ፣ ሴፕቴምበር 14

ታውዬ፣ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ!

ድንኳን ውስጥ ነው የተወለደችው፤ ጣሪያው አልደረሰላትም። ጮኸች፤ ጮኸች ስልሽ ባሕሩ ዝም አለ። ላይሳኒ ደህና ናት፤ እናቴ ግን ከሷ በላይ ደክማለች። የሕፃኗ እጆች የኔ ናቸው፤ ፊቷ ደግነቱ የኔ አይደለም። እንዴት ያለ ነገር ነው ልጅ!

ምንጩን አገኘሁት፤ በስተ ምሥራቅ፣ ዝቅ ብሎ። ስለሱ ሌላ ቀን።

ምሰሶውን ስድስት ሰው ይሸከመዋል፤ ከባድ እንጨት ነው፣ እንደ ብረት። ሲሚንቶው አልመጣም፤ የኦክቶበሩ መርከብ ነው የሚያመጣው። እስከዚያ በአፈር ብቻ ተጠቅጥቆ ነው የቆመው። ለምን እንደምትጠይቂ ልጠይቅሽ ነበር፤ ተውኩት። ሳላውቅ ብኖር ይሻለኛል መሰለኝ።

ትልቁ አባቴን ደግሞ ልባቸው ድንጋይ ነው እንዳትይ። ከጀርባዬ ብቻቸውን ወደ ዴላና ወጥተው እንደነበር ከልብሳቸው ጭቃ አወቅኩ። ያዩትን አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ዓይናቸው ከመስኮቱ አይነሣም። ግን ምን ይበሉ? አንዴ በጥርሱ ላይ የተሰጠ ቃል እንዴት ተብሎ ይመለሳል? ተሳስቼ ነበር ያለ አለቃ እዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ትናንት ያንጎና እየጠጣን «ዘንድሮ ዝናቡ ይዘገያል ይላሉ» አሉ። ማንም እንደዚያ አላለም። ሁላችንም «አዎን፣ ይዘገያል» አልን።

ላይሳኒ የጣሪያው ቆርቆሮ እንደተመታ ትገባለች። እምቢ በላት እንዳትይኝ። ለሕፃኗ ደረቅ ቦታ የምትፈልግ ሴት እምቢ አትባልም።

ሳኪዩሳ

ሱቫ፣ ሴፕቴምበር 28

የተከበርከው የሴት ልጅ አባት፤

እሰይ! እሰይ! እሰይ! እግሯ ይባረክ!

ታው ታውን ሲወልድ ዝም አይባልም። በሚመጣው ቅዳሜ ከዋይቶሎ ሕፃኗን ልናይ እንመጣለን። ምንጣፍና ጨርቅ ይዘናል። ብዙ ነን፤ ሁለት ጀልባ ሙሉ። ጎደሬውን ቀቅሉ፣ ዓሣውን አብስሉ፤ ጭንቅላቱን ለራስህ አስቀር።

አክስቴ ቫሲቲም ትመጣለች፤ ምላሷን ታውቀዋለህ፣ አሮጊቶቻችሁን ንገራቸው፣ ይዘጋጁ። የልጆቹ የራግቢ ቡድንም በሙሉ ይመጣል። ሕፃን ለማየት ራግቢ ተጫዋች ለምን አስፈለገ ትለኝ ይሆናል። ልጅ ስለሚወዱ ነው።

ለትልቁ አባትህ ስንመጣ ብቻ ንገራቸው። ሌላ የምትነግራቸው ነገር የለህም፤ ስለማታውቅም እውነተኛ ሰው ነህ።

ኡናይሲ

ናቩኒላሴ፣ ኦክቶበር 12

ሌባ! የሌባ ልጅ! የሌባ እህት!

ሕፃን ልናይ ብላችሁ መጣችሁ። ጎደሬያችንን በላችሁ፤ ሕፃኗን አቅፋችሁ አለቀሳችሁ፣ እኛንም አስለቀሳችሁን። ከዚያ አክስትሽ ቫሲቲ እጇን ጠርጋ «ይህ ሁሉ ምንጣፍ አምጥተን ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው እንዴ?» ስትል እኔ ድስት የምታነሣ መስሎኝ ነበር። ምሰሶ! የቤቴን ምሰሶ! እነዚያ በሬ በሬ የሚያክሉ ልጆቻችሁ እየዘፈኑ ሲነቅሉት፣ አንቺ ፊት ፊት ቆመሽ «በርቱ፣ እነዚህ ሰነፎች በደንብ አልተከሉትም!» ስትይ! አንዱን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው፤ የኔን ጨርሰው ወደ ጎረቤቴ። ቫሲቲ ደግሞ ከኋላ በርበሬ ስድቧን እየረጨች። ሚስቴ ላይሳኒ ሕፃኗን ይዛ ሳቅ ሊገድላት ነበር፤ የኔ ሚስት!

ሁሉንም ዴላና አወጣችኋቸው። በአያቶቻችን መሠረት ላይ ደረደራችሁና «ይኸው ሰረቅን! ወንድ የሆነ መጥቶ ያስመልስ!» ብላችሁ ወደ ጀልባችሁ ሄዳችሁ። የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ጀልባው ከራቀ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፤ እሱን አላየሽም።

ትልቁ አባቴ ናራራ መሐል ቆመው ነበር፣ በጉድጓዶቹ መሐል። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ወጣቱ ኤሮኒ አላስችል ብሎት «ትልቁ አባቴ፣ ወጥተን እንመልሰው?» አለ።

ዞር ብለው አዩት። «ምን አልክ?»

«ምሰሶውን... ወደ ቦታው...»

«ታው የወሰደውን ማን ሲያስመልስ አይተህ ታውቃለህ? በስተርጅናዬ የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መሰለኝ። ሳቅ ነበር! እየሳቁ እየሳቁ መሬት ተቀመጡ፤ እንባቸው ይወርዳል። እኛም ተከተልን። መንደር ሙሉ ሰው፣ ምሰሶ የተነቀለበት ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ፣ እንደዚያ ሲስቅ በሕይወቴ አላየሁም።

በማግስቱ ሌላ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዘው ዴላና ወጡ፤ ምንጣፉን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። በመሠረቶቹ መሐል ተንበርክከው አያቶቻችንን ይቅርታ ጠየቁ፤ ለመኖርም ፈቃድ ለመኑ። ቃላቸውን አልጽፍልሽም፤ የቤት ነው። ሲነሡ ግን ወደ እኔ ዞረው «ምሰሶዬ ባለበት ነው ቤቴን የምሠራው። ይህን ከባድ እንጨት ቁልቁል የሚሸከም ጉልበት የለኝም» አሉ። ስለ ውሃ አንድም ቃል አልወጣቸውም። እኔም አላነሣሁም።

አሁን ሲሚንቶ በጀርባችን እያወጣን ነው። ሁላችንም፤ አሮጊቶቹ ሳይቀሩ። ዝናቡ ይቀድመናል ወይስ እንቀድመዋለን? አላውቅም። ደመናው ደቡብ ላይ መቀመጥ ጀምሯል። እስከዚያ ድንኳኖቹን ዴላና ላይ ተክለናል፤ ነፋሱ ይገባል፣ ውሃው ግን አይቆምም።

ሳኪዩሳ

ዴላና፣ ዲሴምበር 19

ለኡናይሲ፣ ለዋይቶሎ ወንበዴዎች አዛዥ፤

የማናግርሽ እኔ ኔማኒ ነኝ። የሚጽፈው ሳኪዩሳ ነው፤ የኔ ዓይን ለወረቀት አይሆንም። የጽሕፈቱን ጥፋት በሱ ላይ አድርጊው። የስድቡን ግን በኔ።

ደብዳቤሽ በኖቬምበሩ መርከብ መጥቶልኛል። ሳልመልስልሽ የዘገየሁት ንቄሽ አይደለም፤ ቤት እየሠራሁ ነበር። አንቺ ተራራ ከመገልበጥ በቀር ሥራ ስለሌለሽ ይህን አታውቂውም።

እንዴት ከረማችሁ ብለሻል። ከርመናል። የመጨረሻው ቆርቆሮ የተመታ ዕለት ከሰዓት ዝናቡ ጀመረ። ሳያቋርጥ ዘነበ፤ ባሕሩና ሰማዩ እስኪቀላቀሉ ዘነበ። እሑድ ጠዋት ለጸሎት ተሰብስበን ሳለ መሬቱ ከእግራችን ሥር ሲያጉረመርም ሰማን። ሁላችንም ወጣን። ከበላያችን፣ ጉድቡ ጋ፣ ውሃው መጣ። አያቶቼ ሰው እንዳያልፍበት በቆፈሩት ጉድብ ውሃ ሲያልፍበት ቆሜ አየሁ። በጎናችን አለፈ። የዚህን መንደር ጥግ እንኳ አልነካም። ወደ ታች ወረደ፤ ዛፉንም ድንጋዩንም ይዞ።

ናራራ የለችም። ድንጋይ ነው ያለው፣ እስከ ባሕሩ ድረስ። የሳኪዩሳ ቤት ይቆምበት በነበረው ቦታ ላይ የጭነት መኪና የሚያክል አለት ተቀምጧል። እዚህ ላይ ሳኪዩሳን ቆም በል አልኩት፣ ያንጎና አጠጣሁት፣ ቀጠልን።

ሕፃኗ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ተኝታ ነበር። እናቷ ጡት ልትሰጣት ብትቀሰቅሳት ተቆጣች።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። በደብዳቤሽ ይቅርታ ጠይቀሻል። በሕዝብዎ ፊት አዋርጄዎታለሁ፣ አባቴ፣ ብለሻል። ታው ታውን ይቅርታ አይጠይቅም፤ ይህን ያላስተማሩሽን ወላጆችሽን ታዘብኳቸው። ደግሞም አላዋረድሽኝም። እኔ ልወጣ የማልችልበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አንቺ በሩን ገንጥለሽ ወሰድሽው። ይህን አትጻፈው ብዬው ነበር፤ ሳኪዩሳ እምቢ አለኝ።

ሌላም ጠይቀሻል። የዋይቶሎን ልጆች ይዤ ልምጣና ምሰሶዎቹን ወደ ቦታቸው ልመልስ ወይ ብለሻል።

ልጄ፣ ቦታቸው ላይ ናቸው።

ኔማኒ